ከአልጋ ሥር ያገኘሁት ዱላ

አርባ ዓመት ያህል በእንጨት ሥራ እንጀራዬን በልቻለሁ። በርና መስኮት ሠርቻለሁ፣ የሙሽራ አልጋ ሠርቻለሁ፣ የሬሳ ሣጥንም ሠርቻለሁ። ዋንዛን ከዝግባ፣ ጥድን ከወይራ ዓይኔን ጨፍኜ በሽታቸው እለያለሁ ብል ጉራ አይሆንብኝም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ስለ አንድ ዱላ ሲያማክረኝ፣ «ይሄማ የእኔ ጉዳይ ነው» ብዬ ዘው ብዬ ገባሁበት። ዛሬ የምነግራችሁ እንዴት አፍሬ እንደወጣሁበት ነው።

ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ነው። ለዋሽንግተን ዲሲ ጎረቤት ናት፤ የእኛ ሰው በብዛት ስለሚኖርባት እንጀራውም በርበሬውም ከሱቅ ይገኛል። ልጄ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ባሏ ቀን አንድ ሥራ ውሎ ማታ ታክሲ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የአሥር ዓመት ወንድና የአራት ዓመት ሴት። «አባዬ፣ ስድስት ወር እንኳ መጥተህ ልጆቹን ብታይልን» ስትለኝ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። የካቲት መጨረሻ ላይ ሄድኩ። ደርሶባችሁ የሄዳችሁ አያቶች ታውቁታላችሁ፤ በእንግድነት ተጠርተን በሞግዚትነት እንከርማለን። አላማረርኩም። ከልጅ ልጅ ጋር መዋልን የሚያክል ነገር የለም።

የወንዱ አማርኛ ግማሽ ነው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ሩብ ነው። ሲደመር ሦስት ሩብ ይሆናል፤ በዚያው ተግባባን።

በገባሁ በሳምንቱ፣ ከትምህርት ቤት መልሼው ወተቱን እየጠጣ ሳለ፣ «አባባ፣ እኔ ዱላ እፈልጋለሁ» አለኝ። ሳቄ መጣ። በእኛ ጊዜ ልጅ ዱላ አይቶ ይሸሻል እንጂ ዱላ አይለምንም። እሱ ግን የቤዝቦል ዱላ ማለቱ ነበር። የአምናው አጥሮታል። የሚፈልገውን በእናቱ ስልክ አሳየኝ፤ የአሉሚኒየም ነው፣ ሰማያዊና ብርማ ቀለም አለው፣ እንደ አዲስ መኪና ያብረቀርቃል። ዋጋውን ሳይ መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ እንደገና አየሁት። 350 ዶላር ይላል። በብር ስንት እንደሚመጣ፣ የስንት ወር ጡረታዬ እንደሆነ በልቤ አሰላሁና ዝም አልኩ።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ልጅ ቡጢ የምታክል፣ በቆዳ የተለበጠች ጠንካራ ኳስ በኃይል ይወረውራል። ሌላው ዱላ ይዞ ይጠብቃታል። ከመታት፣ በሜዳው ጥግ ጥግ የተቀመጡትን ማረፊያዎች በሩጫ ዞሮ ወደ ተነሣበት መመለስ አለበት። ሦስት ጊዜ ከሳታት ተራውን ለሌላ ይለቃል። በእሱ ዕድሜ በወርዋሪውና በመቺው መካከል ያለው ርቀት 46 ጫማ፣ ማለትም 14 ሜትር ብቻ ነው። ልጁ «ልምታት ወይስ ልተዋት» ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ከምንም አይቆጠርም።

እኔ ገጠር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ለገና ጨዋታ ጫፉ የጎበጠ ቅርንጫፍ ከጫካ መርጠን፣ ቆርጠን፣ ልጠን፣ አድርቀን ነው ሩሯን ስናሯሩጥ የምንውለው። ዱላ ገዝቼ አላውቅም። ስለዚህ ማታ ለሥራ ስትወጣ ልጄን በር ላይ ያዝኳትና፣ «ለዱላ 350 ዶላር የሚያወጣ ወላጅ ልጁን እያበላሸ ነው። አንቺ ተይው፣ እኔ እገዛለታለሁ። እንጨት ነው የምገዛለት» አልኳት። ደክሟት ነበር። «እሺ አባዬ» ብላኝ ሄደች።

ቅዳሜ ከአማቼ ጋር ወደ ስፖርት ዕቃ መደብር ሄድን። ዱላው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድሯል፤ ሁሉም ብረት ነው፣ ሁሉም ደማቅ ቀለም የተቀባ ነው። የእንጨቶቹ ግን አንድ ጥግ በርሜል ውስጥ እንደ ማገዶ ተከምረው ቆመዋል። አንዱን መዘዝኩ። ሜፕል ከሚባል የዚያ አገር ዛፍ የተሠራ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት። ቶርኖ ላይ የተቀረጸ ነው፤ እጀታው ቀጭን፣ ራሱ ወፍራም፣ አንድ ቦታ እንኳ ያልተንሸዋረረ። በጣቴ አንኳኳሁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። የእንጨቱን መስመር አየሁ፤ ቀጥ ያለ ነው። ጉጥ የለውም። ዋጋው 45 ዶላር። ከኪሴ አውጥቼ ከፈልኩ።

ርዝመቱ ልጁ ከሚፈልገው የብረት ዱላ ጋር እኩል ነው፤ 29 ኢንች፣ 74 ሳንቲ ሜትር ያህል። ክብደቱ ግን ይለያል። የብረቱ 19 አውንስ፣ ወደ 540 ግራም ነው፤ የእንጨቱ 24 አውንስ፣ ወደ 680 ግራም። ልዩነቱ 140 ግራም፣ የአንድ ብርቱካን ክብደት ቢሆን ነው። «ይቺማ ምን አላት?» አልኩ። አማቼ ማጅራቱን አከክ አከክ አደረገ።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ሁሉ የሚጫወቱት በብረት ነው» አለኝ በትሕትና።

«እነሱ ብረት ይያዙ፤ የእኛ ልጅ እንጨት ይይዛል።»

በትልቁ የአሜሪካ ሊግ የሚጫወቱት ሰዎች እስከ ዛሬ በእንጨት ብቻ እንደሚመቱ እዚያው መደብር ውስጥ ሰምቼ ስለነበር ልቤ ሞልቷል። ደንቡ ዱላው ከአንድ ድፍን እንጨት የተሠራ እንዲሆን ያዛል፤ ውፍረቱ ከ2.61 ኢንች፣ ርዝመቱም ከ42 ኢንች መብለጥ የለበትም። ሚሊዮን የሚከፈላቸው ሰዎች የሚይዙትን ለልጅ ልጄ ብገዛ ምን ነውር አለው?

ልጁ ዱላውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ እናቱ አስተምራዋለች። «አመሰግናለሁ አባባ» አለኝ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ። እኔ ደስታ መሰለኝ።

ውድድሩ በሚያዝያ ተጀመረ። እኔም ታናሽ እህቱን በእጄ፣ ታጣፊ ወንበሬን በትከሻዬ ይዤ በየቅዳሜው ከሜዳው ዳር አልጠፋም። ሌሎቹ ልጆች ሲመቱ «ፒንግ!» ይላል፤ ብርጭቆ በማንኪያ እንደ መምታት ያለ ጩኸት ነው። ኳሷ ትበራለች። የእኛ ልጅ ሲመታ «ቋ!» ይላል። ለእኔ ጆሮ ውብ ድምፅ ነው፤ ኳሷ ግን ወርዋሪው እግር ሥር ተንከባላ ትቀራለች። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አያገኛትም። ዱላው የሚደርሰው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው። መደብር ውስጥ የናቅኳት 140 ግራም ሜዳ ላይ ትከብድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ኳሷን አገኛትና፣ ወዲያው ዱላውን ጥሎ እጁን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ማታ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «አባባ፣ እጄን ያመኛል» አለኝ። እኔ ምን አልኩት? «አይዞህ! እንጨት እጅ ያጠነክራል። የአያትህን እጅ እየው» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁለት። መዳፌን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ተነሥቶ ሄደ። ያቺ መልሴ ዛሬም ትቆጨኛለች።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ዱላው ጠፋ። «የት አደረስከው?» ብለው፣ «ሜዳ ረሳሁት» አለኝ። እናቱን ብጠይቃት፣ «ይገኛል አባዬ፤ አሰልጣኙ እስከዚያው ያውሰዋል» አለችና ወሬ ቀየረች። እኔም ልጁን አስቀምጬ ስለ ዕቃ አያያዝ ረጅም ምክር መከርኩት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ቤቱን ስጠርግ መጥረጊያው ልጁ አልጋ ሥር ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ጎትቼ አወጣሁት፤ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ነው። ስፈታው ዱላው ነው። ከእጀታው ከፍ ብሎ ለሁለት ተሰብሯል። ስንጣሪዎቹ እንኳ ሳይቀሩ ተለቅመው በትንሽ ላስቲክ ታስረው ከጎኑ ተቀምጠዋል። ሬሳ እንደሚገነዝ ሰው ነው የጠቀለለው።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፎጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩት። ሲያየው ቦርሳውን ሳያወርድ ቆሞ ቀረ።

«አባባ፣ ዱላው ሞተ» አለኝ። «ተሰበረ» የሚለው ቃል ጠፍቶበት ነው።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«አንተ እንጨት ትወዳለህ። ታለቅሳለህ ብዬ።»

ለቁጣ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ማታ እናቱን ስጠይቃት አልደበቀችኝም። «የተሰበረ ዕለት ነው የነገረኝ አባዬ። እንዳይከፋህ ብለን ነው» አለች። ባሏም ያውቃል። የአራት ዓመቷ ሳትቀር ታውቃለች። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ቡድኑን ልተው ሲለኝ ነበር። አባባ ያዝናል ብሎ ነው የሚሄደው» ብላ ጨመረችልኝ።

ልጆቹን ልጠብቅ ሄጄ፣ ለካ እነሱ ናቸው እኔን ሲጠብቁኝ የከረሙት። እኔ ስጦታ ያልኩትን ነገር ልጁ እንደ ሸክም ተሸክሞት ኖሯል፤ ያውም እጁን እያመመው፣ በጓደኞቹ ፊት እያፈረ።

በቀጣዩ ልምምድ ስባሪውን ይዤ ወደ አሰልጣኙ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያችን ይቀራረባል። አማቼ በአስተርጓሚነት መሀላችን ተቀመጠ። ሁለት ሽማግሌዎች የተሰበረ እንጨት ጭናችን ላይ አጋድመን አግዳሚ ወንበር ላይ ተወያየን።

«እንጨቱ ድፍን ነው» አሉኝ። «ኳሷ ስታርፍበት ብዙም አይረግብላትም። የምትጨፈለቀው እሷ ናት፤ ስትጨፈለቅ ደግሞ ብዙ ጉልበቷን ውስጧ ታባክነዋለች። ብረቱ ግን ቱቦ ነው፤ ውስጡ ባዶ። ኳሷ ስታርፍበት ግድግዳው ለቅጽበት ወደ ውስጥ ገባ ይልና ተመልሶ ይዘረጋል። ሲዘረጋ ኳሷን ይገፋታል።» አማቼ ይህን ከተረጎመልኝ በኋላ፣ «እንደ ሱስታ አልጋ በሉት ጋሼ» ብሎ ከራሱ ጨመረበት። ያኔ ገባኝ።

ሁለተኛው ነገር ክብደቱ የት እንዳለ ነው። የእንጨቱ ክብደት ወፍራሙ ራሱ ላይ ነው ያለው፤ የብረቱ ባዶ ስለሆነ ሚዛኑ ወደ እጅ ይጠጋል፣ ልጅ ቶሎ ያወናጭፈዋል። መዶሻን እጀታው ጫፍ ላይ ይዞ ማወዛወዝና ወደ ራሱ ጠጋ አድርጎ ይዞ ማወዛወዝ እንደሚለያየው ማለት ነው። ይህንን እንኳ ለአናጺ መንገር አያስፈልግም ነበር። ሦስተኛው፣ ኳሷን በደንብ የሚሸኛት የዱላው ክፍል በብረቱ ላይ ሰፋ ይላል፣ በእንጨቱ ላይ ግን ጠባብ ነው። ከዚያች ቦታ ከወጣ እጅን ይነዝራል፤ ወደ እጀታው ከተጠጋ ደግሞ ይሰበራል። «ብረቱ ስሕተትን ይሸፍናል፣ እንጨቱ ያጋልጣል» አሉኝ።

ከዚያ ስባሪውን አንሥተው ሰጡኝና፣ «አናጺ አይደሉ? እስኪ መስመሩን ይዩት» አሉ። መነጽሬን አደረግኩ። ስብራቱ ሰያፍ ነው፤ እንደ ብዕር ጫፍ ተስሎ ነው የወጣው። የእንጨቱ መስመር እጀታው ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሸሻል። መደብሩ ውስጥ አንዱን ፊት ብቻ ነው ያየሁት፤ አዙሬ ሌላውን አላየሁም። ሥራ ለማስተምራቸው ልጆች ለስንት ዓመት፣ «እንጨት አራት ፊት አለው፣ አራቱንም ሳታይ አትግዛ» ስል የኖርኩ ሰው! ዱላው የተሰበረው በልጁ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በእኔም ቸልተኝነት ነው።

ሰውዬው ማፈሬን አይተው አጽናኑኝ። ሜፕል መስመሩ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ባለሙያንም ያታልላል አሉ። ድሮ ትልልቆቹ ተጫዋቾች የሚመርጡት አሽ የሚባለውን እንጨት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሪ ቦንድስ በሜፕል ዱላ እየመታ በአንድ የውድድር ዘመን 73 ጊዜ ኳሷን ከሜዳ ካስወጣ በኋላ ብዙዎች ወደ ሜፕል ዞሩ። አሹን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘ አረንጓዴ ጥንዚዛ ዛፉን እያደረቀ እየጨረሰው ነው። ሜፕሉ ግን ሲሰበር ለሁለት ተገንጥሎ እንደ ጦር ይወረወር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሊጉ የአገሪቱን የደን አገልግሎት የእንጨት ተመራማሪዎች ጠርቶ አስጠና። ዋናው ጥፋት እኔ መደብር ውስጥ ሳላየው ያለፍኩት ሆኖ ተገኘ፤ የመስመሩ መሸሽ። ከዚያ ወዲህ በትልቁ ሊግ የሜፕል ዱላ እጀታ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም ትደረግበታለች። ቀለሟ መስመሩን ተከትላ ትሰርጋለች፤ ከ3 ዲግሪ በላይ ካዘነበለች ዱላው አይፈቀድም። አንዲት ጠብታ ቀለም! ከአርባ ዓመት ሥራ በኋላ አዲስ ብልሃት ተማርኩ።

«ታዲያ ብረቱ እንዲህ ከበለጠ ትልልቆቹ ለምን እንጨቱን አይተዉትም?» አልኳቸው።

«ስለሚበልጥ ነዋ!» ብለው ሳቁ። በጎልማሳ ክንድ ላይ የብረቱ ጉልበት ሲጨመርበት ኳሷ ለወርዋሪው አደገኛ ትሆናለች። ለልጆች ብረቱ የመጣበትን ምክንያት ሲነግሩኝ ግን እኔ ነኝ የሳቅኩት። አንዱ ምክንያት ቁጠባ ነው። እንጨቱ በየጊዜው እየተሰበረ ወጪ ያበዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ዊሊያምስፖርት በምትባል ከተማ የተመሠረተው ሊትል ሊግ የተባለው የልጆች ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የአሉሚኒየም ዱላን ፈቀደ። አንድ ብረት ለስንት ልጅ ይተላለፋል። እኔ በ45 ዶላር ቁጠባ ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር፤ ቁጠባው ከእኔ በፊት ታስቦበት ኖሯል።

በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ ብረቱን እያሳሱና እያጠነከሩ ሲሄዱ፣ ኳሷም እየፈጠነች ስትሄድ ወላጆች ሠጉ። የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር የብረት ዱላን ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኒቨርሲቲዎች፣ በማግሥቱም ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የብረቱን ጉልበት የሚወስን ደንብ አወጡ። የልጆቹም እ.ኤ.አ. በ2018 ተከተለ። አሁን ልጆቹ የሚይዙት ብረት ኳስን ሲገፋ ከእንጨት ብዙ እንዳይርቅ ተገርቷል። «ስለዚህ» አሉኝ አሰልጣኙ፣ «ባለ 350 ዶላሩም ባለ 80 ዶላሩም ከዚያ ጣሪያ አያልፍም። ልጁ የሚያስፈልገው ለክንዱ የሚቀልለው ዱላ እንጂ ውድ ዱላ አይደለም።» ሁላችንም አንዳንድ ነገር ተሳስተናል ማለት ነው፤ ልጁ በዋጋው፣ እኔ በዕቃው።

በዚያው ሳምንት ልጁ ካደገበት አንድ ቤተሰብ ላይ ያገለገለ የብረት ዱላ በ80 ዶላር ገዛን። ቀለሙ ተፋፍቋል። ልጁ ግን ሲይዘው ትከሻው ቀና አለ። ቅዳሜ ዕለት ሁለተኛዋን ኳስ «ፒንግ!» አደረጋትና በሜዳው አናት አሳልፎ ሰደዳት። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ «የኔ አንበሳ!» ብዬ ስጮህ የፈረንጆቹ ወላጆች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ያንን የናቅኩትን የማንኪያ ድምፅ እንዲህ እወደዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ብረቱም ቢሆን ግን ዕዳ አለው። ሰኔ ላይ የእኛ ልጅ የመታት ኳስ በቀጥታ ተመልሳ የወርዋሪውን ልጅ ትከሻ መታችው። ልጁ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሜዳው ያሉት ልጆች በሙሉ አንድ ጉልበታቸውን አንበርክከው ጸጥ አሉ፤ የተጎዳ ልጅ ሲኖር እንዲህ ማድረግ ልማዳቸው ነው። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ፤ ሁሉም አጨበጨቡለት። የእኛው ግን ማታ አልጋው ላይ እንባው መጣ።

«አባባ፣ እንጨት ቢሆን አያመውም ነበር?»

የእኔ ወገን ይረታ ዘንድ «አዎ» ማለት ቀላል ነበር። «እንጨትም ቢሆን ያመዋል» አልኩት። «ኳሷ ጠንካራ ናት። ነገ ሂድና እንዴት አደርክ በለው።» ሄዶ ጠየቀው። ጓደኛሞች ሆነው ቀሩ።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። አሰልጣኙ በልምምድ ጊዜ ለልጆቹ በየተራ የእንጨት ዱላ ያስይዟቸዋል፤ በውድድር ጊዜ ብረቱን ይመልሱላቸዋል። የእኛ ልጅ በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይነግረው፣ እንጨቱን ቀድሞ ያነሣ ጀመር። ምክንያቱን ስጠይቀው ትንሽ አሰበና፣ «አባባ፣ እንጨት ጥሩ ቲቸር ነው፤ ግን ይቆጣል» አለኝ። እኔ በመጋቢት ላስጨብጠው የታገልኩትን ነገር ልጁ በሐምሌ፣ በራሱ እጅ፣ አቅሙ ሲደርስ ጨበጠው።

ለመሰነባበት ስሄድ አሰልጣኙ አንድ ታሪክ አወጉኝ። ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል በምትባል ከተማ፣ ከ140 ዓመት በፊት፣ እንደ እኔው የእንጨት ሥራ ቤት የነበራቸው አንድ አባት ነበሩ አሉ። የአልጋ እግርና ቅቤ መናጫ ይሠራሉ። ልጃቸው የቤዝቦል ዱላ ካልቀረጽኩ ሲል አባትየው አልወደዱለትም፤ መናጫው ይሻላል ባይ ነበሩ። ልጁ ግን በሐሳቡ ጸና፤ የቤቱም ስም በዱላው ገነነ። ዛሬ በሩ ላይ 36 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግዙፍ ዱላ ሕንፃውን ተደግፎ ቆሟል። «ታዲያ እሱ ከምን የተሠራ ይመስልዎታል?» አሉኝ። «ከብረት!» ሁለታችንም እየሳቅን ተለያየን።

የተሰበረውን ዱላ አልጣልኩትም። ከጎረቤት መጋዝና መሮ ተውሼ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የወፍራሙን በኩል ቫርኒሽ ላጥኩለት። ከዚያ እየጠረብኩ ለልጄ የወጥ ማማሰያ ሠራሁላት። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። መስመሩን በጣቴ እያሳየሁት፣ የት ላይ ሸሽቶ እንደተሰበረ፣ እኔም የት ላይ ሳላይ እንዳለፍኩ ነገርኩት። አያት ሲሳሳት የሚናገር መሆኑን ያወቀው ያን ቀን ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የደበቀኝ ነገር የለም፤ የሒሳብ ፈተና ውጤቱን ሳይቀር ራሱ አምጥቶ አሳየኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አገሬ ገባሁ። ብዙ ሰው «ከአሜሪካ ምን ይዘህ መጣህ?» ይለኛል። ይችን ነው የያዝኩት፤ እንጨት ስትገዛ አራቱንም ፊት እይ ስል ኖሬ፣ ስጦታ ስሰጥ የተቀባዩን የአንዱን ልጅ ፊት በደንብ አላየሁም። ያ መጥቶ የሄደው ነገር ደስታ አልነበረም። ቆም ብዬ «ምነው?» ብለው ኖሮ ያን ጊዜውኑ ይነግረኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስንደዋወል ልጄ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። ስልኩን ዝቅ አድርጋ ድስቱን አሳየችኝ። ድስቱ አሉሚኒየም ነው፤ ማማሰያው ያው ሜፕሉ ነው። ልጁ ከኋላዋ ብቅ አለና ከአፏ ቀማት፤

«አባባ፣ ዱላው አልሞተም። ወጥ ይሠራል።»